ፎቶ ኮፒ ማሽኑ፣ ተለጣፊው ወረቀትና የግብር ቅጹ፦ የውጭ ድርጅቶች ከኮሙኒዝም በኋላ ምን ሠሩ?

በኒኮላይ ቻውሼስኩ ዘመን ሩማንያ ውስጥ የጽሕፈት መኪና ያለው ሰው፣ ልክ እንደ ጠመንጃ ባለቤት፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ማስመዝገብ ነበረበት። የእያንዳንዱ መኪና የፊደል አጣጣል ናሙና ተወስዶ ይቀመጣል። ነገ አንድ በራሪ ወረቀት አደባባይ ላይ ቢገኝ የማን መኪና እንደ ጻፈው ለማወቅ ነው። በደርግ ዘመን ማባዣ ማሽን ምን ያህል የሚፈራና የሚፈለግ ዕቃ እንደ ነበር የሚያስታውሱ አንባቢዎች ይህ አይገርማቸውም።

በጎረቤቷ ሀንጋሪ ገመዱ ትንሽ ላላ ያለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ቡዳፔስት ተወልዶ አሜሪካ የከበረው ጆርጅ ሶሮስ ከሀንጋሪ የሳይንስ አካዳሚ ጋር ተዋውሎ አንድ ፋውንዴሽን አቋቋመ። (ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታት፣ የእኛን አገር ምርጫና አዋጆች ሳይጨምር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፋውንዴሽኑ ከሠራቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ፎቶ ኮፒ ማሽን ማስገባት ነው። ማሽኖቹን በዶላር ገዝቶ ለቤተ መጻሕፍት፣ ለዩኒቨርሲቲዎችና ለምርምር ተቋማት በአገሩ ገንዘብ በፎሪንት ይሰጣል። ዶላር ያጠራቸው ተቋማት ደስ እያላቸው ይከፍላሉ። የተሰበሰበው ፎሪንት ደግሞ ለጸሐፊዎች፣ ለተመራማሪዎችና ለወጣቶች የድጋፍ ገንዘብ ይሆናል። አንዱ ዶላር ሁለት ሥራ ሠራ ማለት ነው፤ መንግሥት የኅትመትን በር ብቻውን መቆጣጠሩ ቀረ፣ ደመወዙን ከመንግሥት የማይጠብቅ ምሁርም ተፈጠረ። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ “ዴሞክራሲ” የሚል ቃል አልተጻፈበትም። እንዲያውም ብልሃቱ እሱ ነበር።

ከአምስት ዓመት በኋላ የበርሊን ግንብ ሲፈርስ ነገሩ ተገለበጠ። ቀድሞ በሹክሹክታ ይሠራ የነበረው በአዋጅ ይሠራ ጀመር። ከዋርሶ እስከ ትብሊሲ የውጭ ድርጅቶች ቢሮ ከፈቱ፤ ሥልጠናው፣ ዐውደ ጥናቱ፣ የፕሮጀክት ጽሑፉ ተከተለ። ዛሬ ሰዎች ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ በሁለት ጎራ ይከፈላሉ። አንዱ “ዴሞክራሲን የገነቡ” ይላቸዋል፣ ሌላው “መንግሥት ገልባጮች”። ሁለቱም ለድርጅቶቹ ከአቅማቸው በላይ ሥልጣን የሰጡ ይመስለኛል።

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራው። “መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት” የሚለው አጠራር በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ጊዜ ግማሽ እውነት ነው። የሶሮስ ፋውንዴሽን በእርግጥ የአንድ ባለጸጋ የግል ገንዘብ ነበር። የጀርመኖቹ ኮንራድ አደናወር እና ፍሬድሪክ ኤበርት ፋውንዴሽኖች ግን እያንዳንዳቸው ለአንድ የጀርመን ፓርቲ የቀረቡ ሲሆኑ፣ ገንዘባቸው በአብዛኛው ከመንግሥት በጀት ነው። አሜሪካም በ1983 ብሔራዊ የዴሞክራሲ ድጋፍ ተቋምን አቋቋመች። በሕግ የግል ድርጅት ነው፤ ገንዘቡን ግን ኮንግረሱ ይመድባል። ከሱ ሥር ሁለቱን ትላልቅ ፓርቲዎች የተጠጉ ሁለት ተቋማት አሉ፤ አንዱ የዴሞክራቶች፣ ሌላው የሪፐብሊካኖች። ሐሳቡ፣ መንግሥት በቀጥታ ቢሰጥ ጣልቃ ገብነት የሚባለውን ነገር፣ በመሀል አንድ የግል ቦርድ አቁሞ ማለፍ ነው። አሠራሩ በግልጽ የታወቀ ነው፤ ቢሆንም ገንዘቡን የተቀበለው ሰው ጎረቤቱ “ማን ነው የሚከፍልህ?” ቢለው አጭር መልስ የለውም።

አሁን ወደ ሥራው። የውጭ ድርጅቶች ከሠሩት ሁሉ እኔ ከፍ አድርጌ የማየው ንግግርንና ሥልጠናን ሳይሆን ቆጠራን ነው።

ለአርባና ለሃምሳ ዓመት ውጤቱ አስቀድሞ በሚታወቅ ምርጫ ውስጥ የኖረ ሕዝብ፣ አንድ ቀን እውነተኛ ምርጫ ቢደረግለት እንኳ አያምንም። ይህን አለማመን ለመስበር የተሠራበት ዘዴ ትይዩ ቆጠራ ይባላል። ታዛቢዎች በዕጣ በተመረጡ ጣቢያዎች ተገኝተው ድምፅ ሲቆጠር ያያሉ፣ ቁጥሩን በስልክ ወደ ማዕከል ያስተላልፋሉ፣ ማዕከሉ አስልቶ የአገሩን ውጤት ይገምታል። የወጡን ጨው ለማወቅ ድስቱን ሙሉ መጨረስ አያስፈልግም፤ በደንብ ከተማሰለ አንድ ጭልፋ ይበቃል። ማማሰሉ እዚህ ላይ የጣቢያዎቹ በዕጣ መመረጥ ነው። ዘዴው በ1986 ፊሊፒንስ፣ በ1988 ቺሊ ውስጥ ተፈትኖ ነበርና የአሜሪካ ተቋማት ይዘውት ወደ ምሥራቅ አውሮፓ መጡ።

በሰኔ 1990 ቡልጋሪያ ከኮሙኒዝም በኋላ የመጀመሪያውን የብዙኃን ፓርቲ ምርጫ አደረገች። አዲስ የተቋቋመ የአገሬው ታዛቢ ማኅበር በውጭ ድርጅቶች እገዛ ትይዩ ቆጠራ አካሄደ። ውጤቱ ምን ሆነ? የቀድሞው ኮሙኒስት ፓርቲ፣ ስሙን ሶሻሊስት ብሎ የቀየረው፣ አሸነፈ። የሶፊያ ነዋሪዎች በብዛት ተቃዋሚውን መርጠው ነበርና “ተሰረቅን” ብለው ወጡ። የታዛቢዎቹ ቁጥር ግን ከመንግሥቱ ቁጥር ጋር ገጠመ። በምዕራባውያን ገንዘብ የተደራጀ ማኅበር ለኮሙኒስቶቹ አሸናፊነት ምስክር ሆነ ማለት ነው። “የውጭ ድርጅት ሁሉ መንግሥት ገልባጭ ነው” የሚሉ ሰዎች ይህችን ታሪክ ሲያነሷት ሰምቼ አላውቅም።

ስሎቫኪያ የተለየች ናት። ከቼክ ተለይታ በ1993 ራሷን ስትችል፣ ብዙም ሳይቆይ በጠቅላይ ሚኒስትሯ በቭላዲሚር ሜቺያር እጅ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ሜቺያር የተመረጠ ሰው ነው፤ ችግሩም ይኸው ነበር። ቴሌቪዥኑን ያዘ፣ የመንግሥት ድርጅቶችን ለወዳጆቹ በርካሽ አከፋፈለ። በ1995 ከሱ ጋር የተቃቃረው የፕሬዚዳንቱ ልጅ ታፍኖ፣ በግድ አልኮል ተግቶ፣ ድንበር ተሻግሮ ኦስትሪያ ውስጥ ፖሊስ ጣቢያ አጠገብ መኪና ውስጥ ተጥሎ ተገኘ። ጣት የተቀሰረው በስለላ ድርጅቱ ላይ ነበር። በ1997 ኔቶም የአውሮፓ ኅብረትም ጎረቤቶቿን ፖላንድን፣ ቼክንና ሀንጋሪን ሲጠሩ ስሎቫኪያን ዘለሏት።

እዚህ ላይ የውጭው እጅ እንዴት እንደ ሠራ ልብ ብሎ ማየት ይገባል። መጀመሪያ የቀደመው የአገሬው ሰው ነው። በ1996 መንግሥት ፋውንዴሽኖችን የሚያጠብቅ ሕግ ሲያመጣ የአካባቢ ጥበቃው፣ የሰብአዊ መብቱ፣ የአካል ጉዳተኞቹ ማኅበር ሁሉ አንድ ላይ ጮኹ። ሕጉ ከመጽደቅ አልዳነም፤ ጩኸቱ ግን የማይተዋወቁ ሰዎችን አስተዋወቀ፣ ስልክ ቁጥር አለዋወጠ። የ1998ቱ ምርጫ ሲቃረብ እነዚሁ ሰዎች “ኦኬ 98” የተባለ ዘመቻ ከፈቱ። ገንዘቡ በብዛት የውጭ ነው። ሐሳቡ፣ ፊቱ፣ ቀልዱና ዘፈኑ ግን የስሎቫክ ነበር። በከተማ ለከተማ የሚዞር የሮክ ሙዚቃ ትርኢት ተዘጋጀ፤ በመቶ የሚቆጠሩ መንደሮችን የሚያልፍ የእግር ጉዞ ተደረገ። መልእክቱ አንድ ነው፦ ምረጡ። ማንን እንደሆነ አይናገርም።

“ምረጡ” ማለት ገለልተኛ ነው እንዴ? በወረቀት ላይ አዎ። ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመርጡ ወጣቶች ሜቺያርን እንደማይወዱት ሁሉም ያውቅ ነበር፤ የወጣቱ ቁጥር በጨመረ መጠን የሜቺያር ዕድል ይቀንሳል። ለጋሾቹም ይህን ያውቃሉ። ይህ ዓይነቱ ገለልተኝነት ሐሰት ነው ባልልም፣ አንድ ዓይኑን እንደ ጨፈነ ሰው ነው። በመስከረም መጨረሻ ከመራጩ 84 በመቶ ወጣ፤ ከአራት ዓመት በፊት 75 በመቶ ገደማ ነበር። የሜቺያር ፓርቲ በጠባብ ልዩነት አንደኛ ቢወጣም አብሮት መንግሥት የሚመሠርት በቂ አጋር አጣ፤ ሚኩላሽ ዙሪንዳ በጥምረት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በ2004 ስሎቫኪያ ኔቶንም የአውሮፓ ኅብረትንም ተቀላቀለች።

ከዚያ የብራቲስላቫዎቹ ወጣቶች ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ክሮኤሺያና ሰርቢያ ሄዱ፣ ያወቁትን ሊያሳውቁ። እኔ እንደሚመስለኝ የውጭ ድርጅቶች ካወጡት ገንዘብ ሁሉ ፍሬ ያፈራው ይኼኛው ነው፤ የአውቶቡስ ትኬቱ። ከዋሽንግተን የመጣ አሠልጣኝ ስለ ምርጫ ሕግ ያስተምራል። በቅርቡ ከተመሳሳይ ሰው ጋር ተጋጥሞ ያሸነፈ ጎረቤት ግን “ፖሊሱ በዚህ ሰዓት ይመጣል፣ አንተ ይህን ታደርጋለህ” ይላል።

ሰርቢያ ግን ስሎቫኪያ አልነበረችም። መሪዋ ሚሎሼቪች ከኋላው ጦርነቶች ነበሩት፤ በ1999 ኔቶ አገሩን ለ78 ቀናት በቦምብ ደብድቧል። ስለዚህ ከምዕራብ ገንዘብ መቀበል ማለት ትናንት ድልድይህን ካፈረሰው ሰው መቀበል ነው። በ1998 መገባደጃ ላይ በቤልግሬድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተመሠረተው ኦትፖር፣ ትርጉሙ “እምቢታ”፣ ያን ገንዘብ ተቀበለ፤ አብዛኛው ተራ አባል ግን ይህን አያውቅም ነበር። በ2000 ጸደይ ወደ 20 የሚጠጉ መሪዎቹ ቡዳፔስት ሂልተን ሆቴል ውስጥ ሮበርት ሄልቪ ከተባለ ጡረተኛ የአሜሪካ ኮሎኔል ስለ ሰላማዊ ትግል ሥልጠና ወሰዱ። በአሜሪካ ገንዘብ 2.5 ሚሊዮን ተለጣፊ ወረቀቶችና 5,000 ጣሳ የሚረጭ ቀለም ተገዛ። በተለጣፊው ላይ “ጎቶቭ ዬ” ይላል። በአማርኛ ቢተረጎም ከአምስት ፊደል አያልፍም፦ አለቀለት።

ነገር ግን የኦትፖርን ቀልድ ማንም አልከፈለበትም። ተማሪዎቹ የሚሎሼቪችን ፎቶ በርሜል ላይ ለጥፈው መንገድ መሀል አቆሙትና ዱላ አጠገቡ አኖሩ። አላፊ አግዳሚው አንድ ዲናር ከፍሎ በርሜሉን ይመታል። ፖሊስ ሲደርስ ባለቤቱን አጣ፤ ልጆቹ ራቅ ብለው ቡና ይጠጣሉ። ማንን ያስር? በርሜሉን አሰረ። በማግስቱ ፎቶው ጋዜጣ ላይ ወጣ። አገሩ ሁሉ ሳቀ፤ የሳቀ ሰው ደግሞ ለጊዜውም ቢሆን መፍራቱን ይረሳል።

በመስከረም 24 ቀን 2000 በተደረገው ምርጫ የምርጫ ኮሚሽኑ የተቃዋሚው ዕጩ ኮሽቱኒሳ ከ49 በመቶ ትንሽ ያነሰ አግኝቷል፣ ሁለተኛ ዙር ያስፈልጋል አለ። የተቃዋሚውና የታዛቢዎቹ ትይዩ ቆጠራ ግን በመጀመሪያው ዙር ግማሹን አልፏል ይላል። ማንም በእጁ ቁጥር ባይኖረው ኖሮ ጭቅጭቁ በዚያው ይቀር ነበር። በቆጠራው ላይ ግን የኮሉባራ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ሥራ ማቆም ተጨመረ፤ ከቻቻክና ከሌሎች ከተሞች በመኪና የተመመ ሕዝብ ተጨመረ። በጥቅምት 5 ቀን ሚሎሼቪች አበቃለት። የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎቹን ያሠለጠነ ሆቴል የለም። ገንዘቡ ቁጥሩን አስገኘ፤ ለቁጥሩ አደባባይ የወጣውን ሰው አላስገኘም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ብዙም አይነገርም። ኦትፖር ፓርቲ ሆኖ በ2003 ምርጫ ሲወዳደር ከመቶ ሁለት እንኳ አላገኘም። በዚያው ዓመት የለውጡ መሪ ዞራን ጂንጂች በጥይት ተገደለ። በሚሎሼቪች ዘመን የማስታወቂያ ሚኒስትር የነበረው አሌክሳንደር ቩቺች ደግሞ በ2017 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆነ።

ለምን ስሎቫኪያ ጸናች፣ ሰርቢያ ተንገዳገደች? መልሱ ከድርጅቶቹ ብዛት ጋር አይገናኝም። ስሎቫኪያ ደጃፏ ላይ የአውሮፓ ኅብረት ነበራት፤ ዳኝነቱን አስተካክሉ፣ የአናሳዎችን መብት አክብሩ፣ ያኔ ትገባላችሁ የሚል። ያንን ማዕቀፍ የትኛውም ድርጅት በፕሮጀክት ጽፎ አያመጣውም። በምሥራቅ በኩል ያሉት፣ ጆርጂያና ዩክሬን፣ ድርጅቶቹን አገኙ፤ የኅብረቱን ደጃፍ ግን ለረዥም ጊዜ ከሩቅ ነው ያዩት።

ድርጅቶቹ የራሳቸው ሕመምም ነበረባቸው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፖላንድ ለሁለት ሳምንት መጥተው ዋርሶ ማሪዮት ሆቴል አርፈው፣ ምክር ጽፈው የሚመለሱ ባለሙያዎችን ሕዝቡ “የማሪዮት ብርጌድ” ይላቸው ነበር። በሩሲያኛ ደግሞ “ግራንቶየድ” የሚል ስድብ ተፈጠረ፦ ግራንት በል። ስድቡ ጨካኝ ቢሆንም ከሜዳ የወጣ ነው። እንግሊዝኛ የሚችል፣ የሪፖርት አጻጻፍ የገባው፣ ዋና ከተማ የሚኖር ሰው ገንዘቡን ያገኛል፤ ገጠር ያለው የገበሬዎች ማኅበር አያገኝም። ለጋሹ ዘንድሮ “ጾታ” ካለ ሁሉም ጾታ ይላል፣ ለከርሞ “ሙስና” ካለ ሁሉም ሙስና። ፕሮጀክቱ 18 ወር ነው፤ እምነት ግን በ18 ወር አይበቅልም። ከሁሉ የከፋው ተጠሪነቱ ነው። ማኅበሩ ሪፖርት የሚያቀርበው አባላቱን ሰብስቦ ሳይሆን ለለጋሹ ነው፤ አባላት ያሉት ከሆነ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው የእኛ አባባል ለነዚህ ድርጅቶች የተነገረ ይመስላል።

ይህች ክፍተት ለመንግሥታት ተመቸች። ሩሲያ በ2012 የውጭ ገንዘብ ተቀብለው “ፖለቲካ የሚሠሩ” ማኅበራት “የውጭ ወኪል” ተብለው እንዲመዘገቡ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። በሩሲያ ጆሮ ይህ ቃል “ሰላይ” ከማለት አይለይም። በ2015 ደግሞ “የማይፈለጉ ድርጅቶች” የሚል ሌላ ሕግ ተጨመረ፤ የመጀመሪያው ተፈራጅ ያው የአሜሪካው የዴሞክራሲ ተቋም ነበር። በስታሊን ዘመን የተገደሉትን ስም ሲመዘግብ የኖረው ሜሞሪያል በ2021 መጨረሻ እንዲፈርስ ተፈረደበት፤ በዓመቱ የኖቤል የሰላም ሽልማት ተጋራ። ጆርጂያ በ2024፣ ሕዝብ በየምሽቱ አደባባይ እየወጣ ሲቃወም፣ ከ20 በመቶ በላይ ገቢው ከውጭ የሆነ ማኅበር ሁሉ “የውጭ ኃይል ጥቅም አራማጅ” ተብሎ እንዲመዘገብ ደነገገች።

የሀንጋሪው ግን ለብቻው ነው። በ1989 የ26 ዓመቱ ቪክቶር ኦርባን በሶሮስ ፋውንዴሽን የነጻ ትምህርት ዕድል ኦክስፎርድ ሄዶ ነበር። ሊያጠናው የያዘው ርዕስ ደግሞ ሲቪል ማኅበረሰብ! በ2010 ወደ ሥልጣን ከተመለሰ በኋላ ያው ሰው የሶሮስን ምስል በየመንገዱ ሰቅሎ የአገር ጠላት አደረገው፤ በ2018 ፋውንዴሽኑ ወደ በርሊን፣ ሶሮስ ያቋቋመው የማዕከላዊ አውሮፓ ዩኒቨርሲቲም በማግስቱ ዓመት ወደ ቪየና ተሰደዱ። ያጎረሰ እጅ ተነከሰ።

ይህ ወሬ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከ1997ቱ ምርጫ በፊት ሦስት የአሜሪካ የምርጫና የዴሞክራሲ ድርጅቶች ከአዲስ አበባ እንዲወጡ ተደርገዋል። አራት ዓመት ሳይሞላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ደግሞ ከ10 በመቶ በላይ ገቢው ከውጭ የሆነ ማኅበር በሰብአዊ መብት፣ በዴሞክራሲ፣ በጾታ እኩልነትና በመሳሰሉት እንዳይሠራ ከለከለ። ብዙዎቹ የመብት ማኅበራት ወይ ሠራተኛ ቀነሱ፣ ወይ ወደ ልማት ዞሩ፣ ወይ ከሰሙ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያን ገደብ አነሳ። ሕጉ ክፉ ነበር፤ ነገር ግን በቀላሉ የገደለው የተጋለጠ ቦታ ስላገኘ ነው። 90 በመቶውን ከአገሩ ሰው ኪስ ማምጣት የሚችል የመብት ማኅበር ማግኘት አስቸጋሪ ነበር።

ከዚያ በ2025 ያልተጠበቀው መጣ፤ ገንዘቡን ያቆመው ተቀባዩ መንግሥት ሳይሆን ሰጪው ሆነ። የአሜሪካ የልማት ድርጅት ዩኤስኤአይዲ በጥር ታገደ፣ በሐምሌ ተዘጋ። ከባልካን እስከ ካውካሰስ የምርጫ ታዛቢዎችና ነጻ ጋዜጦች በአንድ ሳምንት ውስጥ በጀታቸውን አጡ። በየካቲት የሰርቢያ ፖሊስ፣ ዋሽንግተን ራሷ ስለ ዩኤስኤአይዲ የተናገረችውን ሰበብ አድርጎ፣ የአንዳንድ ማኅበራትን ቢሮ በረበረ። የሚገርመው፣ በዚያው ሰሞን የሰርቢያን አደባባዮች የሞሉት እነዚያ ማኅበራት አልነበሩም። በኖቪ ሳድ የባቡር ጣቢያ የኮንክሪት ታዛ ተደርምሶ ሰዎችን ከገደለ በኋላ የተነሡት ተማሪዎች መሪ አልመረጡም፣ ቢሮ አልከፈቱም፤ ውሳኔያቸውን በየፋኩልቲው ተሰብስበው እጅ በማውጣት ነበር የሚወስኑት።

የገንዘቡን ጥያቄ አስቀድማ ያሰበችበት፣ ይገርማል፣ ሀንጋሪ ናት። በ1996 በወጣ ሕግ ማንኛውም ግብር ከፋይ ከሚከፍለው የገቢ ግብር አንድ በመቶውን ለመረጠው ማኅበር እንዲሰጥለት ማዘዝ ቻለ። ከኪሱ ተጨማሪ ነገር አያወጣም፤ መንግሥት ሊወስድ ካለው ላይ ነው የሚቆረሰው። ስሎቫኪያና ፖላንድ ተከተሉ። ፖላንዳዊው ዛሬ ግብሩን ሲያሳውቅ ቅጹ ላይ የሚወደውን ድርጅት የምዝገባ ቁጥር፣ አሥር አሃዝ፣ ይሞላል። ለጋሽ የለም፣ ፕሮፖዛል የለም፣ ኤምባሲ የለም። በየዓመቱ ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት ግን ምርጫ የሚታዘቡት ወይም ፍርድ ቤት የሚከታተሉት አይደሉም፤ የታመሙ ሕፃናትን የሚያሳክሙት ናቸው።